አርጊሮ የማን ሠራተኛ ናት?

ግሪክ ውስጥ፣ ከቮሎስ ከተማ በላይ፣ ተራራው ወገብ ላይ ባለችው መንደራችን የስቴርጊዮስን ፒታ ቤት የማያውቅ የለም። ፒታውን የምትጋግረው ግን ሚስቱ አርጊሮ ናት። ሊጡን እንደ ሻሽ አሳስታ ትዳምጣለች፣ አይብና የዱር ቅጠል ሞልታ ምድጃ ውስጥ ትከታለች። ስቴርጊዮስ ዱቄት ያመጣል፣ ይሸጣል፣ ከደንበኛ ጋር ስለ ኳስ ይከራከራል። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ኖሩ፤ ማን ምን እንደሆነ የጠየቃቸው አልነበረም።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ዳናኢ የምትባል ወጣት ከስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ታብሌት ይዛ መጣች። ለጥናት ከተመረጡት ቤቶች አንዱ የእነሱ ነበር።

«ጌታው፣ የሚሠሩት ለራስዎ ነው ወይስ ተቀጥረው?»

«ለራሴ! አለቃ የሚባል ነገር አላውቅም» አለ ስቴርጊዮስ ደረቱን ነፍቶ።

«እርስዎስ፣ ወይዘሮ አርጊሮ?»

«እሷ ታግዘኛለች» አለ ባልየው፣ ሚስቱ አፏን ሳትከፍት።

«ከራሳቸው ልስማ» አለች ዳናኢ። «ደመወዝ አለዎት?»

«ኧረ የምን ደመወዝ! ገንዘቡ የሚገባው አንድ መሳቢያ ነው።»

«እንግዲያው ተቀጣሪ አይደሉም። ዛሬ ምን ይጋገር የሚለው ማነው?»

«እኔ።»

«ዋጋውን የሚቆርጠውስ?»

«እሱ።»

«ቤቱ ቢከስር የሚጎዳው?»

«ሁለታችንም ነና! ሌላ ማን አለን?»

«በሩ ላይ የተጻፈው ስም የማን ነው?»

«የአማቴ። ነፍሱን ይማረውና፣ ፒታ ጋግሮ አያውቅም።»

የዳናኢ ጣት ታብሌቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። «እኔም ግራ ገባኝ» አለች። «ምርጫው ሦስት ነው፤ የራሷ ሥራ ያላት፣ ተቀጣሪ፣ ወይም ያለ ደመወዝ ቤተሰብ የምታግዝ። በአውሮፓ አገሮች ስንት ወንድና ስንት ሴት የግል ሥራ እንዳላቸው የሚነጻጸረው በዚህ ነው። በየአገሩ ወንዶቹ ይበዛሉ።»

«ይበዛሉ? ወይስ ቀድመው ይመልሳሉ?» አለች አርጊሮ፤ የጠየቀችው የምሯን ነበር።

ዳናኢ ሰኞ እንደምትደውል ነግራቸው ሄደች።

«ምን ጎደለሽ?» አለ ስቴርጊዮስ ብቻቸውን ሲቀሩ።

«ምንም። ምን እንደሆንኩ ነው ያጣሁት።»

«ሚስቴ ነሽ!»

«ሚስት የሚል ምርጫ የለማ።»

«በቃ፣ ተቀጣሪ ነኝ በያትና ገላግይን!»

«ተቀጣሪ እሁድ ያርፋል።»

«እረፊያ!»

እውነትም እሁድ ከፒታ ቤቱ በላይ፣ ፎቁ ላይ ካለው መኖሪያቸው አልወረደችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እጆቿን የምታደርግበት አጣች። ከታች ስቴርጊዮስ ሊጡን ሲዳምጥ ተቀደደበት፤ የቅጠሉን ውሃ ሳይጨምቅ ሞላው። ከቅዳሴ የተመለሱት ቄስ አንድ ቁራሽ አነሱና፣ «ስቴርጊዮስ፣ ይሄ ፒታ ነው ሾርባ?» አሉት። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

አርጊሮም ፎቅ ላይ ሆና ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ሳቁ ከነከናት። በማን እንደተናደደች ሳታውቅ ወረደችና ሽርጧን አሰረች።

«ማን ጠራሽ?» አላት በሹክሹክታ።

«ማንም። ሲስቁ ሰማሁ።»

«የሳቁት በእኔ ነው።»

«ታዲያ እኔን ለምን አመመኝ?»

የተቀደደውን ሊጥ ወደ እሷ ገፋላት።

ሰኞ ስልኩን ያነሳው ስቴርጊዮስ ነበር። «የራሷ ሥራ ያላት ብለሽ መዝግቢ፤ ሥራው የእሷ ነው» አላት ሳትጠይቀው።

ዳናኢ መዘገበች። «እሺ። የእርስዎን ላስተካክለው እንዴ? ያለ ደመወዝ ሚስታቸውን የሚያግዙ ልበል?»

ስቴርጊዮስ ስልኩን በመዳፉ ከደነና፣ «አርጊሮ፣ እኔ ምንድን ነኝ?» አለ። ፊቱ ዱቄት መስሎ ነበር።

አርጊሮ ስልኩን ተቀበለችው። «የኔ ልጅ፣ ሁለታችንም የራሳችን ሥራ አለን ማለት ይቻላል?»

«እርስዎ ካሉ ይቻላል። የእኔ ሥራ ያሉኝን መመዝገብ ነው።»

ይሄኛው ደግሞ ይበልጥ ግራ አጋባት። በሷ ቃል ብቻ? ይሄን ያህል ቀላል ነበር?

ከፋሲካ በኋላ ቮሎስ ወርደው በፒታ ቤቱ ላይ በሕግ ሸሪኮች ሆኑ። ወረቀቱን የሞላላቸው የሒሳብ ባለሙያ፣ «ሥራ አስኪያጁ ማን ይሁን?» ሲል ተያዩና ነገ እንነግርዎታለን ብለው ወጡ። ባሕሩ ዳር ተቀምጠው የተጠበሰ ዓሣ መብላት ጀመሩ።

«አሁን አለቃዬ ነሽ ማለት ነው?» አለ ስቴርጊዮስ ሎሚ እየጨመቀላት።

«እኔ እንጃ» አለች። «አንተስ አለቃዬ ነበርክ እንዴ?»

ዓሣው ቀዘቀዘ፤ እነሱም እያሰቡ ቀሩ።