ቤት የማይመታው የዲሪርሳ ግጥም

«ቤት አይመታም፤ ትንሽ አቃናሁት» አሉ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ቢቂላ፣ ወረቀቱን ለዱርሲቱ እየዘረጉላት።

የባሏ የዲሪርሳ ሠልስት ነው። የዓለም ገና ባጃጅ ነጂ ሁሉ ድንኳኑን ሞልቶታል። ግጥሙ የዲሪርሳ የራሱ ነበር፤ ኦቦ ቢቂላ ግን «ዝናቡ ሲያባራ» ከሚለው ሥር በቀይ እስኪርቢቶ «ሰማዩ ሲያበራ» ብለው ጨምረውለታል።

«እግዜር ይስጥልኝ ኦቦ። ግን እሱ እንደጻፈው ይባልልኝ።»

ሙሾ አውራጇ አደ ሊቤ ነጠላቸውን እያደገደጉ ጠጋ አሉ። «ቤት ካልመታማ ተቀባዩ የት ላይ እንደሚያለቅስ በምን ያውቃል? ያፈጥብኛል እንጂ! የሟቹን ግጥም አበላሸች ልባል ነው?»

ዱርሲቱም መጀመሪያ ግጥሙን ሲያሳያት ስቃበት ነበር። ያን ቀን ከክር ፋብሪካው ፈረቃዋን ጨርሳ ስትወጣ ዲሪርሳ ባጃጁ ውስጥ ደብተሩን ዘርግቶ ጠብቋት ነበር።

«ይሄ ደግሞ ምኑ ግጥም ነው?»

«ስሚዋ!» መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «የቡሄ ልጆች አራት አራት ምት ይረግጣሉ። ይሄ ወል ቤት ነው፤ ስድስት ምት፣ ትንፋሽ፣ ደግሞ ስድስት። ልኩን አልነካሁም። መጨረሻውን ብቻ ነው ቤት ያላስመታሁት።»

«ለምን?»

«ቤት ሲመታ የሚመጣውን ቃል ቀድመሽኝ ታውቂዋለሽ። እኔ አንቺን ስጠብቅ መቼ እንደምትወጪ አውቄ አላውቅም።»

አሁን ድንኳኑ ውስጥ ዱርሲቱ ተነሳች። «አደ ሊቤ፣ እርስዎ ያውርዱ። ምቱን እኔ እይዛለሁ።»

«ቶሌ፣ ይሁን» አሉ ኦቦ ቢቂላ፤ እስኪርቢቷቸውን ከድነው ኪሳቸው ከተቱ። ቀዩን እየዘለሉ ለአደ ሊቤ በጆሯቸው ያነቡላቸው ጀመር፤ እሳቸውም አወረዱ።

ከፋብሪካው ደጃፍ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣

ዱርሲቱ በየትንፋሹ ደረቷን በመዳፏ መታች።

ጃንጥላሽን ይዤ፣ በሩን እያየሁት፣

ሁለት ሴቶች ምቷን ተቀበሉ። ቀጥሎ ባጃጅ ነጂዎቹ።

ከሺ እግር መሀል፣ የእግርሽን ድምፅ ሰማሁ፣

አሁን ድንኳኑ በሙሉ ያለቅሳል።

ያን ጊዜ ዝም አልኩኝ።

አደ ሊቤ ደንግጠው ቀና አሉ። ግማሹ ስንኝ የለም፤ ወረቀቱ እዚያ ላይ ያልቃል። ኦቦ ቢቂላ ወረቀቱን ገለበጡት፤ ባዶ ነው።

ዱርሲቱ አልደነገጠችም። እጇን ደረቷ ላይ አሳርፋ፣ የቀረውን ስድስት ምት በልቧ ቆጠረች። ሰው ሁሉ እጇን እያየ ጠበቃት።

ስድስተኛው ላይ ደረቷን አንዴ መታች።