የእነዋሪው ልጅ

«ያቺ የክሊኒኩ አማካሪ ተብዬ ሆዷ ወንፊት ነው፤ ጠዋት የነገርሻትን ከሰዓት ገበያ ላይ ታገኚዋለሽ» ይሉ ነበር የሰርካለም ጎረቤት እትዬ በላይነሽ። አንድ ጊዜ ቢሉት ተሰምቶ ይታለፋል። እሳቸው ግን ከቅዳሴ ሲመለሱም፣ አጥር ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁም ይደግሙታል። ከማን እንደሰሙት ሲጠየቁ «አገር ያወቀውን ነገር ከማን ሰሙት ይባላል?» ብለው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

ሰርካለም ወሬ አምና የምታድር ሴት አይደለችም። ደብረ ብርሃን መናኸሪያው አጠገብ በከፈተቻት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የስንቱን የፍቺ አቤቱታ፣ የስንቱን የርስት ክርክር ስትተይብ ኖራ፣ አንዲት ቃል ከደጃፏ አልፋ አታውቅም። ኮሌጅ ሳትረግጥ ያገኘችውን መጽሐፍ ሁሉ አንብባ ራሷን ያስተማረች ናትና፣ ባለ ዲግሪ ሲሳሳት ማረም ነፍሷ ነው።

ይሄ ግን የወንድሟ ጉዳይ ሆነባት። ቴዎፍሎስ ከከተማው ፋብሪካዎች ባንዱ ይሠራ ነበር። የባልደረባውን እጅ ማሽን ሲይዘው ማጥፊያው አጠገብ የቆመው እሱ ነው። ደርቆ ቀረ። ሌላ ሰው ከወዲያ ጥግ ሮጦ መጥቶ እስኪያጠፋው ድረስ ጣቱን አላነሳም። ከዚያ ወዲህ ሰባት ወር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሟች አባታቸው መርጌታ ነበሩና ዘመድ ሁሉ ጠበል አለ፤ ጠበሉንም እስከ አንኮበር ድረስ አዳረሰችው።

«አሁን ደግሞ የሚያዳምጥህ ሰው እፈልግልሃለሁ» አለችው አንድ ቀን።

ዞር አለ። ዞር ካለ ቆይቷል። «ሰምቶ ዝም የሚል ከሆነ» አላት።

ከእሱ የወጣችው ይቺ ብቻ ናት፤ ሰርካለም ግን ያዘቻት። በወንድሟ ከመሞከር በራሷ መሞከርን መረጠች። ለእያንዳንዱ አማካሪ አንድ አንድ ውሸት ፈጥራ ልትነግርና፣ የትኛው ውሸት በእግሩ ወደ ሰፈሯ እንደሚመለስ ቁጭ ብላ ልትጠብቅ።

የመጀመሪያው ከመድኃኒት ቤት በላይ ቢሮ የተከራየ፣ ዲፕሎማውን በመስታወት ያሰቀለ ሰውዬ ነው። በድብቅ አግብቻለሁ አለችው። ሁለት ጊዜ ስልክ አነሣና «ባልሽን ታረቂው» አላት። መጣላቷን ግን አልነገረችውም ነበር። ሁለተኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ነው። ገና ወንበር ስትስብ «ችግርሽ አባትሽ ናቸው» አላት። «አባቴን የት ያውቋቸዋል?» ብላ ውሸቷን እንኳ ሳታወጣ ተመለሰች።

ሦስተኛዋ ያቺ የእትዬ በላይነሽ ወንፊት፣ ሮዳስ ናት። ከሌላ አገር መጥታ በአንዲት ትንሽ ክሊኒክ የምትሠራ ወጣት። ሰርካለም ያን ቀን ጠዋት «ልያትና፣ ጥሩ ከሆነች እወስድሃለሁ» ብላ ለወንድሟ ነግራው ወጣች። ለሮዳስ ያዘጋጀችው ውሸት ትልቁ ነበር፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ወልዳ ልጁን እነዋሪ ላለች ሴት እንደሰጠች፣ ወንድሟን ፈርታ እስከ ዛሬ እንደደበቀችው ተናገረች። በመሐል እንባዋ መጣ። ራሷም ገረማት።

ሮዳስ አልጻፈችም፣ አልመከረችም። «ስለ ልጁ ሲያወሩ አላለቀሱም» አለቻት። «ያለቀሱት ስለ ወንድምዎ ሲያወሩ ነው። ለምን ይመስልዎታል?»

ሰርካለም ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። መንገድ ላይ «ይቺ ናት» እያለች ሄደች። ሁለት ሳምንት ልትጠብቅ፣ ወሬው ካልተመለሰ ልትወስደው ቆረጠች።

በዘጠነኛው ቀን እትዬ በላይነሽ አጥሩ ጋ ጠሯት።

«ሰርኬ፣ ልጅ ጸጋ ነው። እነዋሪ ድረስ ምን አስቀመጠው? አምጪው፣ እኔም አግዝሻለሁ።»

«ማን ነገረዎት?»

«ማንም ይንገረኝ። ምያለሁ።»

«አማካሪዋ ናት አይደል?»

እትዬ በላይነሽ መሬት መሬት አዩ። «እኔ ድሮም ብዬሻለሁ» አሉ።

በማግስቱ ሰርካለም ክሊኒኩ በር ላይ ወረፋ የያዘው ሁሉ እየሰማ «የሰው ምስጢር የምትቸረችሪው በኪሎ ነው በሊትር?» ብላ ጀመረች። ያልተነገረ ነገር አላስቀረችም። ሮዳስ ፊቷ ቀላ። «ከእኔ አፍ አልወጣም» አለች። ቀጥላም «እኔን አይመኑኝ፤ ግድ የለም። ወንድምዎን ግን ያምጡት። አብረውት ይቀመጡ፣ የምለውን ሁሉ ይሰማሉ» አለቻት።

«ወንድሜን ለገበያ አላወጣም!» ብላ ጥላት ሄደች።

ቤት ገብታ «ሰምቶ ዝም የሚል ሰው እዚህ ከተማ የለም» አለችው። ቴዎፍሎስ ብዙ አያት።

«ሰርኬ፣ ለእኔ ያልነገርሽኝ ነገር አለ?»

«ምን ይኖራል?»

«እሺ» አለ።

ከዚያ በኋላ መነሣት ጀመረ። ተላጨ፣ ልብሱን አጠበ፣ ደጅ ወጥቶ ተቀመጠ። እሷም ያለ ማንም እርዳታ ዳነልኝ ብላ ኮራች። በእነዋሪ ገበያ ቀን በጠዋት ወጣ። ሚኒባሱ ከደነባ ወዲያ ተገልብጦ ከሞቱት ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ኪሱ ውስጥ የልጅ ሹራብ ተገኘ።

ሰው ሁሉ እነዋሪ ምን ሊሠራ ሄደ ሲል ሰርካለም ብቻ ገባት። ውሸቷ ከሮዳስ አፍ ወጥቶ፣ ሰፈር ለሰፈር ዞሮ፣ ወንድሟ ጆሮ ገብቶ ገደለው። ሐዘን ላይ ሆና እንኳ እንቅልፍ የሚነሳት ይሄ ነበር። ሠልስቱ እንዳለፈ ኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። ለሰው ከጻፈቻቸው ሁሉ የበለጠ፣ አንድ ነጥብ የማይወጣለት ሁለት ገጽ አቤቱታ ለክሊኒኩ ጻፈች። ክሊኒኩ ሮዳስን በሳምንቱ አሰናበታት። ሻንጣዋን ይዛ መናኸሪያ ስትገባ ሰርካለም ከሱቋ በር ላይ ቆማ አየቻት። ሮዳስም አየቻት፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም ብላት አለፈች።

በአርባው ዕለት ሰው ከተበተነ በኋላ እትዬ በላይነሽ ሰሐን እያጠቡ ማልቀስ ጀመሩ።

«እሷ አይደለችም የነገረችኝ» አሉ። «እሱ ነው። ቴዎፍሎስ። ‹እኔን ፈርታ ልጇን ደብቃለች፣ እኔ እንደሰማሁ ሳታውቅ አምጪው ይበሉልኝ› ብሎ በማርያም አስማለኝ። እምቢ ብትዪው ራሱ ሊያመጣው ሄደ።»

«እሱ ከየት ሰማ?»

«ካንቺ ነዋ! የአማካሪዋ ክፍል መስኮት ክፍት ነበር፤ ድምፅሽን ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

«ከአልጋ የማይነሣ ሰው እዚያ ምን ይሠራል?»

እትዬ በላይነሽ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ሊታከም ነዋ። አንቺ እንደወጣሽ ተነሥቶ ተከተለሽ። ካርድ አውጥቶ ተራ ይዞ ነበር።»