ባዶ የተባለው ቤት

ልጄ በውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት የመረጃ ተንታኝ ናት። ሥራዋን አንድ ጊዜ አስረዳችኝ፤ ግማሹ ገባኝ። ባለፈው ዓመት መንግሥት ከየመሥሪያ ቤቱ ተንታኞች መርጦ ለሁለተኛ ዲግሪ ሲልክ እሷም ዕድሉ ደረሳት። ትምህርቱ ዳታ ሳይንስ ይባላል። ዩኒቨርሲቲው ከተማው ዳር ስለሆነ አንሶላዋንና ላፕቶፗን ይዛ ዶርም ገባች።

"እሑድ እሑድ እመጣለሁ አባዬ" አለችኝ በር ላይ።

"አንቺ ትምህርትሽን ተማሪ" አልኳት።

መጀመሪያ ሰሞን መጣች። ከዚያ ፈተና ሆነ፣ ከዚያ የቡድን ሥራ፣ ከዚያ ደግሞ ፕሮጀክት። በስልክ "ሞዴሉ አልሠራ ብሎኝ ነው" ትለኛለች። ሞዴል ምን እንደሆነ አላውቅም። "ይሠራል፣ አይዞሽ" እላለሁ።

ባለፈው ወር ግን ሌላ ወሬ አመጣች። ስትመረቅ ከጓደኛዋ ጋር መሥሪያ ቤቷ አጠገብ ቤት ሊከራዩ አስበዋል።

"ምን ትላለህ?"

"እንደፈቀድሽ።"

ስልኩን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። ወደ ቤትሽ ነይ ማለት ምን ይከብዳል? አልወጣ አለኝ።

እሷ እያለች ጠዋት ጠዋት ቧንቧው አያርፍም ነበር። ፀጉሯን ስትታጠብ ውሃውን ለቃ ትዘፍናለች። "ዝጊው!" እላለሁ ከሳሎን። "ይኸው ዘጋሁት!" ትላለች፣ ሳትዘጋው። አሁን ፊቴን በአንድ ኩባያ ውሃ እታጠባለሁ። የማጥበው ብርጭቆና ሳህን ብቻ ነው። ሸሚዜን ጎረቤቴ ከልጆቿ ልብስ ጋር ታጥብልኛለች።

"ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ከድመት ያነሰ ነው የሚታጠቡት" ትለኛለች።

"ድመት ቆሽሻ አይተሽ ታውቂያለሽ?" እላታለሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ልጄ ናት። ከኋላዋ ታብሌት የያዘ መነጽራም ወጣት ቆሟል፤ የክፍል ጓደኛዋ ነው። ልቤ ዘለለ። ፊቷን ሳይ ግን ያዝ አደረግሁት። ዓይኗ ቀልቷል።

"ምን ሆነሻል?"

ወጣቱ ቀድሞ መለሰ። "ምንም አይደለም አባት፣ ለፕሮጀክታችን ነው የመጣነው። ሞዴላችን የውሃ ቆጣሪውን ንባብ አይቶ ሰው የማይኖርበትን ቤት ይለያል። እኛ ደግሞ እየዞርን ትክክል መሆኑን እናያለን።"

ታብሌቱን አዞረልኝ። የሰፈራችን ካርታ ነው። ጣሪያዬን አወቅሁት። ላዩ ላይ ቀይ ነጥብ ተቀምጧል።

"ቀዩ ምንድን ነው?"

ወጣቱ መሬት መሬት አየ። "ቀዩ... ባዶ ቤት ማለት ነው።"

"ታዲያ እኔ ምንድን ነኝ፣ ዕቃ?"

እሱ ሳቀ። ልጄ አልሳቀችም።

"ቆጣሪው የተበላሸ መስሎኝ ነበር" አለች። "ወደ ኋላ ሄጄ የየወሩን ፍጆታ አየሁት። እኔ እስከወጣሁበት ወር ድረስ ደህና ነው። ከዚያ እየወረደ ሄዶ ዝም ይላል። አባዬ፣ ምግብ ታበስላለህ?"

"እበላለሁ።"

"የጠየቅሁህ እሱን አይደለም።"

ወጣቱ ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ ሰው አለበት ብዬ ልሙላ?"

"ሙላ" አለችው። "የሚቀጥለውን ቤት ብቻህን ሂድ። እኔ እዚህ ነኝ።"

"አስተማሪው ቢጠይቀኝስ?"

"ቤቷ ገባች በለው።"

ወጣቱ ሄደ። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ጥላ ጫማዋን አወለቀች።

"ክፍልሽ እንዳለ ነው" አልኳት። ቦርሳዋን ከወንበሩ እያነሳሁ፣ "ኪራዩስ?" አልኩ።

"የቱ ኪራይ?"

ፎጣዋን ፈልጋ ገባች። ቧንቧው ተከፈተ፤ ዘፈኑም ተከተለ። ዜማው ዛሬም አልተስተካከለላትም። ውሃው ወረደ፣ ወረደ። ሳሎን ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ።

ዘፈኑ ድንገት ቆመ። "አባዬ!" አለች ከውስጥ። "ዛሬ ዝጊው አትልም? ልዝጋው?"

"ተይው" አልኳት። "ይቁጠር።"