በቆቡ ገበር ውስጥ

ልጄ ቲሞሻ ለሶቭየት ጦር ሲመለመል አሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ መርፌ ይዞ አያውቅም። ከኮቭሮቭ ጦር ሰፈር በላከው የመጀመሪያ ደብዳቤ በላዩ ያሉትን አለቆች ደርድሮልኝ ነበር። የጓድ መሪ፣ የመቶ አዛዥ፣ የሻምበል፣ የሻለቃ፣ የሬጅመንት፣ መጨረሻ ላይ የክፍለ ጦሩ ጄኔራል። እኔም ልባቸውን እንዲያራራልኝ ለስድስቱም ጠዋት ማታ መጸለይ ጀመርኩ።

በዚያው ደብዳቤ፣ ወታደር ሁሉ ማታ ማታ ኮሌታው ላይ ንጹህ ነጭ ጨርቅ ይሰፋል ይላል። ጠዋት ሻምበል ባሻ ደርጋች የሚባል ይፈትሻል፤ ከጠመመ ቦጭቆ ይጥለውና ወለል ያስፈትጋል። ሲያስፈትገው መክረሙ ገባኝ።

እኔ ደግሞ እናት ነኝ። አሥራ ሁለት የኮሌታ ጨርቅ ጠርዙን ቀምቅሜ አዘጋጀሁ። በየእጥፋቱ ውስጥ እናቴ ያስተማረችኝን ጸሎት በእርሳስ የጻፍኩበት ቀጭን ጨርቅ ከተትኩ። ለእሱ አልነገርኩትም፤ ካላወቀ አይዋሽም ብዬ። ለቃለ መሐላው ቀን ባቡር ተሳፍሬ ሄድኩ፣ በዋዜማው በጦር ሰፈሩ በር ላይ ሰጠሁት። “እማ፣ አንቺ ባትኖሪ እጄን ሳሙና በልቶ ይጨርሰው ነበር” አለኝ።

በማግስቱ ወላጅ ሁሉ አጥር ዳር ቆሞ ልጁን ይፈልጋል። ሰልፉ ውስጥ የኔ የለም። አንገተ ወፍራም፣ ባለ ሪዝ ሰውዬ መጥቶ፣ ልጄን በሙሉ ስሙ ጠርቶ የቲሞፌይ እናት መሆኔን ጠየቀኝና ይከተሉኝ አለ። ደርጋች ነበር። በኮሪደሩ ሳልፍ ቲሞሻ በጉልበቱ ተንበርክኮ ወለል ይፈትጋል፤ ኮሌታው ባዶ ነው። “ወፍራም ነው ብሎ ቦጨቀው” አለኝ ቀስ ብሎ።

ግምጃ ቤት ገባን። ጠረጴዛው ላይ ኮሌታዎቼ ተደርድረዋል፣ አንዱ ተተርትሯል፣ ጸሎቱ ወጥቷል። የጎረቤታችን ልጅ ትዝ አለኝ፤ አማኝ ነው ብሎ የፓርቲው ተቆጣጣሪ፣ ኮሚሳሩ፣ ጠመንጃውን አስቀምቶ አካፋ ብቻ ወደሚያሲዙት የግንባታ ሻለቃ ልኮታል፤ ጀርባው ተሰብሮ ነው የተመለሰው።

“እኔ ነኝ የሰፋሁት። ልጁ አያውቅም” አልኩት።

“እሱማ መስፋትም አያውቅም” አለ። ከዚያ ጨርቁን በሁለት ጣቱ አነሳው። “እናቴ፣ ይሄ እኮ በየማታው ይታጠባል። ሳሙና ከበላው ምን ይተርፋል? ደግሞ ኮሌታ ኮሚሳሩም ያያል።”

የቲሞሻን ቆብ ከሚስማር ላይ አውርዶ ገለበጠው። ገበሩ ሥር ሦስት መርፌ ክር ተጠምጥሞባቸው ተሰክተዋል።

“የወታደር መርፌ እዚህ ነው የሚቀመጠው። ሌላ ሰው አይነካውም።”

“ማነው የሚፈትሸው?”

“እኔ” አለና ቆቡን ሰጠኝ። “ቶሎ ይበሉ፣ ከበሮ ሊመታ ነው።”

ጀርባውን ሰጥቶኝ በሩን በትከሻው ሞልቶ ቆመ። ጸሎቱን ገበሩ ሥር በነጭ ክር ሰፋሁት። ቲሞሻ ያንን ቆብ አድርጎ ነው ቃለ መሐላውን ያነበበው፤ ድምፁ አንዴ ብቻ ተሰበረ።

በሁለት ዓመቱ እግዚአብሔር ይመስገን በደህና መጣ፣ የክረምት ቆቡን እንዳደረገ። በበጋ ሌላ፣ በክረምት ሌላ ነበር የሚሰጣቸው፤ ያኔ የሰፋሁበት የት እንደደረሰ እንጃ። እሱ ሲተኛ ገበሩን ዳበስኩት። ጸሎቴ አለ። የተሰፋው ግን በጥቁር ክር፣ በሰፋፊ የወንድ ስፌት ነው። ቲሞሻን ስጠይቀው ነገሩን አያውቅም፤ ቆብ በተቀየረ ቁጥር ሻምበል ባሻው አሮጌውንም አዲሱንም ሰብስቦ ያሳድርና አዲሱን ጠዋት ይመልስ ነበር አለኝ።

ለስድስት ሰው ሁለት ዓመት ስጸልይ ይሄንን ሰው ዘልዬዋለሁ። ልጄ ከደረደራቸው ውስጥ አልነበረማ።

“የክርስትና ስሙ ማነው?” አልኩት።

“እማ፣ ማን ይደፍራል? ሻምበል ባሻ ነው የምንለው።”

እንዲጸለይላቸው ለቤተ ክርስቲያን በምሰጠው የስም ዝርዝር ላይ፣ ከጄኔራሉ በላይ፣ እንደዚያው ጻፍኩት።