የተላገው በር

ቤቱ አቃሰተ። ሽማግሌው አናጢ ቶኩጂ እጁን ቤቱን ከሚያነሳው ክሪክ ላይ አነሳ።

"ቆይ ማሳሩ፤ ትንሽ ይረፍ።"

"እንደ እርስዎ ነው አባባ፤ ከተቀመጠበት ሲያነሱት ያጉረመርማል" አለ የሴት ልጁ ባል ከሁለተኛው ክሪክ አጠገብ።

የቤቱ ባለቤት ቺዙሩ አልሳቀችም። የመካከለኛው ምሰሶ እግር በምስጥ ስለተበላ ተቆርጧል፤ አዲሱ እስኪገባ ድረስ ቤቱ በሁለት ክሪክ ላይ ነው የቆመው። ናጎያ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት በነርስነት ሠርታ ያጠራቀመችውን ሁሉ ያፈሰሰችው ይህን አሮጌ ቤት ለመግዛት ነው። ከሦስት ቀን በኋላ በረዶ ይጥላል ተብሏል፤ ጣሪያው ላይ ሲከመር ያዘመመ ቤት አይችለውም። ፈርታለች።

"በቱንቢው ቀጥ እስኪል ገና ሁለት ጣት ይቀራል" አለች።

እንደገና ከፍ አደረጉት። ከውስጠኛው ክፍል አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ሮጣ ስትገባ ተንሸራታቹ በር ከመሄጃው ወጥቶ ተዘርሯል፤ የተለበጠበት ወረቀትም ተቀዷል። ግድግዳው ላይ ስታስደግፈው አንዱ ጎኑ ከሌላው በሦስት ጣት ያጥራል።

"ማነው እንዲህ ያበላሸው?"

"እኔ ነኝ" አለ ተከትሏት የገባው ቶኩጂ። "የቀድሞዋ ባለቤት እማማ ኪኑ እዚህ ብቻቸውን ሲኖሩ፣ በየክረምቱ በረዶው ጣሪያውን ሲጫነው በሩ አልከፈት ይላቸው ነበር። ይጠሩኛል፤ እልገዋለሁ። በአንድ ጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ደስ ይላቸዋል። ሃያ ዓመት እንዲሁ አለፈ።"

"ምሰሶው እየሰመጠ መሆኑን ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ነገሯቸው?"

"ቤት ማቃናት ወር ይፈጃል፣ እትዬ። የት ይግቡ? በር መላግ ግን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።" አቀረቀረ። "ከሞቱ በኋላም አፍሬ ዝም አልኩ።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም? ያኔ ቢነግሯቸው ምሰሶውን አንድ ስንዝር እንጨት ይበቃው ነበር። ዛሬ እስከ ጉልበቱ ተበልቷል።"

ከከተማ ሌላ አናጢ ለመጥራት ስልኳን አወጣች።

"አባባ" አለ ማሳሩ ከወዲያ፣ ቀልዱ ከድምፁ ጠፍቶ። "የእርስዎ ክሪክ እየወረደ ነው መሰለኝ።"

ቶኩጂ አልተንቀሳቀሰም። ፈቃዷን እየጠበቀ ዓይን ዓይኗን ያያል።

ቺዙሩ ስልኩን ኪሷ ከተተችው። በሩን አንስታ የቶኩጂ እግር ሥር አጋደመችው።

"ይሂዱ፤ ቤቱን ያቅኑት" አለች። "አዲስ በር አልፈልግም። ከዚህ በር ላይ ሃያ ዓመት የላጉትን ያህል እንጨት መልሰው ይለጥፉለታል።"

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ወደ ክሪኩ ሮጠ።