የሽኩር እግር

ጋሽ ሽኩር ቀዝቃዛ እግር አይለኩም ነበር። የመሮጫ ጫማ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ፣ ማንም ይሁን ማን፣ መጀመሪያ ከሲኒማ ራስ ጀርባ ካለችው ሱቃቸው ተነስቶ እስከ አንዋር መስጊድ ይወርድና ይመለሳል፤ ሦስት ዙር። ከዚያ ላቡ ሳይደርቅ ካርቶን ላይ ይቆማል፣ ጋሽ ሽኩርም ተንበርክከው የእግሩን ዙሪያ በእርሳስ ይስላሉ። "ጠዋት ከአልጋ የወረደ እግርና ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያለ እግር አንድ አይደሉም። እኔ የምሰፋው ለሁለተኛው ነው" ይሉን ነበር።

መርካቶ ውስጥ መሮጥ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። መርካቶ የሚሮጥ ሰው ወይ ሰርቋል ወይ ተሰርቋል። ስለዚህ ጋሽ ሽኩር ከቆዳ ቁራጭ ቀይ ጥብጣብ ቆርጠው ክንዳችን ላይ ያስሩልናል። ጥብጣቡን ያየ ባለሱቅ "የሽኩር እግር!" ብሎ ይጣራል፣ ጎረቤቱ ይቀበለዋል፣ ተሸካሚው ከነጭነቱ ዞር ይላል፣ መንገዱ ይከፈታል። በሃያ አንድ ዓመቴ በዚያ በተከፈተ መንገድ ስወርድ የተሰማኝን ኩራት ከዚያ በኋላ ያገኘሁት ሜዳሊያ እንኳን አልሰጠኝም። ሜዳሊያ ስል ብዙ እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ነው፣ እሱም ነሐስ።

ይህ ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ። አሁን አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ሁለት ልጆች አሳድጌአለሁ፣ ተክለ ሃይማኖት ደብተርና እስክሪብቶ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ፣ ጉልበቴም ደረጃ በወጣሁ ቁጥር አስተያየት ይሰጣል። ዘንድሮ የድሮ የሩጫ ክለባችን ልጆች ተጠራርተን ኅዳር ላይ አሥር ኪሎ ሜትር አብረን ለመሮጥ ተስማማን። ልጆች ስል ሁላችንም የማንበቢያ መነጽር እንዳለን ይታወቅልኝ። ሌላው ሁሉ ጫማውን ገዝቶ ልምምድ ጀመረ። እኔ ቀረሁ።

የቀረሁት በግራ እግሬ ምክንያት ነው። በዘጠኝ ዓመቴ የእቃ ጋሪ ሄዶበት የትንሿ ጣቴ አጥንት ተሰብሮ ነበር፤ ሲገጥም ወደ ውጭ ጎብጦ ገጠመ። የፋብሪካ ጫማ ያቺን ጉብታ አይታገሣትም። በዚህ ክረምት ብቻ ሦስት ዓይነት ጫማ ሞክሬ ሦስቱም አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ደም አወጡኝ። ያንን እግር አውቆ ጫማ የሠራለት አንድ ሰው ብቻ ነው። እሳቸው ካልሠሩልኝ ኅዳር ላይ መንገድ ዳር ቆሜ ለጓደኞቼ ላጨበጭብ ነው፤ እኔ ደግሞ ማጨብጨብ አልወድም።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ልፈልጋቸው ሄድኩ። የድሮዋ ሱቅ የለችም፤ በቦታዋ ባለ መስታወት ሕንጻ ቆሟል። ጠይቄ ጠይቄ እዚያው ሕንጻ ምድር ላይ ከውጭ የመጣ ስኒከር የምትሸጥ ልጃቸውን ሀስናን አገኘኋት። እኔ ሳውቃት ካርቶን ክምር ላይ የምትተኛ ሕፃን ነበረች። ስሜን ስነግራት ወደ ጓዳ ጠቆመችኝ። ጋሽ ሽኩር ያችው የድሮ ዝቅተኛ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከብርሃንና ከጥላ በቀር አይለይም።

"ማን ነሽ?" አሉኝ፣ ኮቴዬን ሰምተው።

ስሜን አልተናገርኩም። ጫማዬን አውልቄ ግራ እግሬን ዘረጋሁላቸው። በእጃቸው ዳበሱት። ያቺ ጉብታ ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው ቆመ።

"ሙሉብርሃን" አሉ። "የት ጠፍተሽ ነው ልጄ?"

"አግብቼ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ባልሽ እግር የለውም? ለሱም እሠራለት አልነበር?"

ሳቅን። ከሳቁ በኋላ የመጣሁበትን ነገርኳቸው። ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው እንዴት እንደሚንቀጠቀጡ አሳዩኝ።

"ሥራ ካቆምኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው" አሉ። "ዓይኔ የለም፣ እጄም ያው እንደምታይው ነው። ግን ሀስና መርፌ ታውቃለች። እኔ እለካለሁ፣ እሷ ትሰፋለች፤ ኢንሻአላህ አንድ ጫማ አያቅተንም። ሕጉን ግን ታውቂያለሽ።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ አሁን ትልቅ ሴት ነኝ።"

"እንዲያውም ይሻላል። ሩጪ።"

ከመሳቢያቸው ቀይ ጥብጣብ አወጡ። ቆዳው ከመክረሙ የተነሣ ተሰነጣጥቋል። ቋጠሮውን እስኪያገኙት ብዙ ቆዩ፤ ልርዳዎት ብላቸው እምቢ አሉኝ።

ወጣሁና ሮጥኩ። የመጀመሪያዎቹን መቶ እርምጃዎች ደስ ብሎኛል፤ ጉልበቴም ዝም ብሎልኛል። ቅመም ሻጮቹ ጋ ስደርስ ከኋላዬ አንዱ "ያዛት! ሌባ!" አለ። መርካቶ ይህን ቃል ሁለቴ እንዲነገረው አይጠብቅም። አንዱ ክንዴን ያዘኝ፣ ሌላው ሻርፔን።

"ምን ወሰደች?" ይላል አንዱ።

"እኔ እንጃ፤ ስትሮጥ ነው ያየኋት" ይላል የያዘኝ።

"ሯጭ ነኝ" አልኳቸው። ወፍራም የጃኬት ነጋዴ ከላይ እስከ ታች አየኝና "እኔም ፓይለት ነኝ" አለ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ቀዩን ጥብጣብ አሳየኋቸው፤ ምን እንደሆነ የገባው አልነበረም። ኪሴን ፈትሸው ከቁልፍ፣ ከመሀረብና ከጥቂት ብር በቀር ሲያጡብኝ ለቀቁኝ። ያሉሽን በሰማሽ ገበያ ባልወጣሽ ይባላል፤ እኔ ወጥቼም ሰማሁ።

ከዚያ ያደረግኩትን ስናገር ዛሬም አፍራለሁ። ታክሲ መያዣው ጋ ሄጄ አንድ ሃይላንድ ውሃ ገዛሁ፣ ፊቴና አንገቴ ላይ አፈሰስኩ፣ ሦስት ዙር ሊፈጅ የሚችለውን ያህል ተቀመጥኩ። ከዚያ ዓይኔን በጨው ታጥቤ እያለከለክሁ ገባሁ። ጋሽ ሽኩር ካርቶናቸውን ዘርግተው ጠብቀውኛል። እግሬን አስቀመጥኩ። እርሳሱን ከማንሳታቸው በፊት መዳፋቸውን ከውስጥ እግሬ ሥር አስገቡ።

"ይሄ እግር አልሮጠም" አሉ።

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጡም፤ አዘኑ። እኔ ደግሞ ሳጠፋ የምቆጣው እኔው ነኝ፤ እናቴም ይህንን ጠባዬን ታውቀው ነበር።

"እንዴት ልሩጥ?" አልኩ። "እርስዎ እዚህ ተቀምጠው መርካቶ የድሮው መስሎዎታል። ሌባ ብለው ያዙኝ፣ ጋሼ! ይሄን ቀይ ቆዳ የሚያውቅ ሰው የለም። የሽኩር እግር የሚባል ነገር የሚያውቅ አንድም ሰው እዚህ አገር የለም።"

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፊታቸው ወደ እኔ እንደዞረ ቀረ።

"አንድም?" አሉ።

ጎንበስ ብለው ካርቶኑን በዳበሳ አነሱትና ለሀስና ሰጧት። "አስቀምጪው፤ አይለካም" አሏት።

ሀስና እስከ በሩ ሸኘችኝ። ብዙ ጊዜ ተሸኝቼ አውቃለሁ፤ ይሄኛው ሽኝት ሳይሆን ማስወጣት ነበር። "ደግ አልሠሩም፣ እትዬ" አለችኝ። "ጠዋት ጠዋት እዚህ በር ላይ የሚቀመጡት ፀሐይ ለመሞቅ ይመስልዎታል? ያንን ጥሪ እኮ ነው የሚያዳምጡት። ምናልባት አንድ ቀን አንዱ ቢጠራ ብለው ነው።"

ሁለት ቀን ደብተር እየሸጥኩ እፍረት በላኝ። የጫማው ነገር አልወጣልኝም፣ አልዋሽም፤ ግን "አንድም?" ያሉበት ድምፅ ከጫማው ባሰ። ቅዳሜ ጠዋት ሱቄን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ጥብጣቡን ክንዴ ላይ አሰርኩና ሲኒማ ራስ ሄድኩ። መጀመሪያ አልሮጥኩም። በየሱቁ ደጃፍ እየቆምኩ "እንደምን አደራችሁ፤ ዛሬ በዚህ በኩል ሦስት ጊዜ እሮጣለሁ። አልሰረቅኩም፣ ጫማ ላሠራ ነው። ይሄን ቀይ ስታዩ 'የሽኩር እግር' በሉልኝ" እያልኩ ተናገርኩ።

የሰሙኝን ሰዎች መልክ ብታዩ። አንዱ ጸበል እንድሞክር መከረኝ። አንዷ ማስታወቂያ ነው እንዴ ብላ ካሜራ ፈለገች። ፓይለቱ ጃኬቶቹን እየሰቀለ "ዛሬም መጣሽ?" አለኝ፣ "ሦስቱን ከጨረስሽ እኔው እጮኽልሻለሁ።"

ቅመም ሻጮቹ ጋ አንዲት አሮጊት ከኮረሪማ ጆንያ ኋላ ተቀምጠዋል። እትዬ ማሚቱ ይባላሉ። ስናገር ፊቴን አላዩም፤ ዓይናቸው ጥብጣቡ ላይ ነው።

"ሽኩር አለ?" አሉኝ።

"አሉ፣ እትዬ። ልጃቸው ሱቅ ውስጥ ናቸው።"

"ሞተ ብለውኝ ነበር። ሕንጻው ሲሠራ እኮ ተበታትነን ቀረን።" እጃቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። "ስሙኝ፣ እናንተ! ይቺ ሴት ስትመጣ 'የሽኩር እግር' ትላላችሁ፣ መንገድም ትለቃላችሁ።"

"ለምንድነው ግን እትዬ?" አላቸው አንድ ወጣት በርበሬ እየመዘነ።

"እኔ ስላልኩህ ነዋ።"

ተመልሼ ከሲኒማ ራስ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ዙር የጠሩት እትዬ ማሚቱ ብቻ ናቸው። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ከሁለት ሱቅ አላለፈም። ሌላው ቆሞ ያየኛል። ቢሆንም ማንም አልያዘኝም። በሁለተኛው በርበሬ የሚመዝነው ልጅ ተቀበላቸው፤ ፓይለቱም በፌዝ ጨመረበት፣ "የሽኩር እግር! ጡረታ የወጣች!" ብሎ። ጎረቤቶቹ ሳቁና የፌዙን ትተው ጥሪውን ወሰዱት።

በሦስተኛው ጎኔን ወጋኝ። ጉልበቴ አስተያየቱን ትቶ ስድብ ጀመረ። መስጊዱ ጋ ስዞር አቁሜ በእግሬ ልመለስ ብዬ ነበር፤ ማን ያየኛል። ያኔ ከፊቴ ፍራሽ የተሸከመ ሰው መንገዱን ሞልቶት ይሄድ ነበር። እኔ ከመድረሴ በፊት አንዱ "የሽኩር እግር!" አለው። ተሸካሚው ጭነቱን ይዞ ወደ ግድግዳው ተጠጋልኝ። ከዚያ ወዲያ ጥሪው ከእኔ ቀድሞ ዳገቱን ወጣ። ሽኩርን አይተው የማያውቁ፣ እኔ በዚህ ስሮጥ ያልተወለዱ ልጆች ከሁሉ አብልጠው ይጮኻሉ። መርካቶ መጮኽ ይወዳል፤ ምክንያት ብቻ ስጡት። ፓይለቱ ጃኬቱን አውልቆ ያውለበልባል። ሃያ አንድ ዓመት የሆነኝ አልመሰለኝም፤ አርባ ሰባት ነኝ፣ ሳንባዬ ይነግረኛል። ግን መንገዱ ያው መንገድ ነበር። አለቀስኩ፤ ላብ ነው አልልም።

ጋሽ ሽኩር ከጓዳቸው ወጥተው ሕንጻው በር ላይ ቆመዋል። አንድ እጃቸው በሩን ይዟል፣ ፊታቸው ጥሪው ወደሚመጣበት ዞሯል። ካርቶኑ እግራቸው ሥር ተዘርግቷል። ሀስና እርሳስ ይዛ ከኋላቸው ቆማለች፤ አላየችኝም፣ አባቷን ነው የምታየው።

"አቁሚው" አሉኝ፤ "ሳይቀዘቅዝ።"

አቆምኩት። ተንበርክከው መሳል ሲጀምሩ እርሳሱ ተንቀጠቀጠባቸው፤ መስመሩ ከመንገዱ ወጣ። ሀስና አጠገባቸው ተንበረከከችና እጇን እጃቸው ላይ ደረበች። አብረው ዞሩት። ጉብታዋ ጋ ሲደርሱ "እዚህ ላይ ቀስ" አሏት፣ እሷም ቀስ አለች። ሲጨርሱ የድሮውን ካርቶን ከጓዳ አስመጡ። ስሜና "1992" የሚል ተጽፎበታል። አዲሱን ከላዩ ላይ አድርገው ጠርዙን በጣታቸው ተከተሉት።

"እግርሽ ሰፍቷል" አሉ።

"ወለድኩ፣ ጋሼ።"

"ጉብታዋ ግን ቦታዋን አልለቀቀችም።" እግሬን አልለቀቁትም። "ሙሉ፣ በመጨረሻው ዙር ስንት ሰው ነው የጠራው? የሰማሁት ትንሽ በዛብኝ።"

"ሁሉም ናቸው" አልኳቸው።

"ሁሉም?"

"ሁሉም፣ ጋሼ።"

እንደ ሐሙሱ መዳፋቸውን ከውስጥ እግሬ ሥር አስገብተው ያዙት፣ ረዘም ላለ ጊዜ።

"እውነትሽን ነው" አሉ። "ይሞቃል።"