ዲከረንሱ በደረቀበት ዓመት ያነበብናቸው

የመጀመሪያዋን ገጽ ያገኘናት በርበሬ ተጠቅልሎባት ነው። ባለቤቴ ባንተአምላክ ከአዲስ ቅዳም ገበያ ያመጣውን በርበሬ ወደ ዕቃ ስገለብጥ፣ ወረቀቷን ከእጄ ወስዶ አራገፈና በር ላይ ቆሞ እያስነጠሰ ያነብ ጀመር። ሊዮን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ክሎቲልድ የምትባል የሐር ሸማኔ ልጅ፣ አብዮተኞች ሊሰይፉት የሚፈልጉትን መኮንን ቆጥ ላይ ደብቃለች። ወታደሮች በሩን ይደበድባሉ። እሷ መብራቱን አንስታ ወደ በሩ ስትሄድ ገጹ አለቀ።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ አድማሴ ያውቃል» አለኝ።

አድማሴ ባለሱቁ ነው። በማግስቱ አብረን ሄድን።

«አድማሴ፣ የዚች ገጽ እናት የት አለች?» አለው ባንተአምላክ።

«በርበሬው አቃጠለህ እንዴ?»

«ቀሪውን አምጣ አልኩህ።»

«ቀሪውን እንግዲህ በየሰዉ ቤት እየዞርክ ለምነህ ሰብስብ። ግማሹ ጨው ይዞ ግምጃ ቤት ከተማ ገብቷል።»

ቢያሾፍብንም ከባንኮኒው ሥር አንድ ካርቶን ጎተተልን። ዳንግላ የነበረ አንድ አስተማሪ ሞቶ ቤተሰቦቹ መጻሕፍቱን በኪሎ ሸጠውለት ኖሯል። አብዛኞቹ ሽፋን የላቸውም፤ የአንዳንዶቹም መጀመሪያ ተቀዶ አልቋል፤ የክሎቲልድም መጽሐፍ ከመካከላቸው ነበረ። ሟቹ ፈረንሳይን ይወድ ነበር መሰለኝ፣ ያነሳነው ሁሉ ስለ ፓሪስ ነው፣ ስለ ንግሥታትና ስለ ፍቅር፣ ስለሚሰየፉ ሰዎች። ሁሉንም ተሸክመን ተመለስን።

ያን ዓመት መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ብዙ ቀን ይዘጋል። ኔትወርክ የለም። ስልካችን ከባትሪ መብራትነት በቀር የሚረባን ነገር አልነበረውም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዛፉ ነበር። ዲከረንስ የምንለው ፈጥኖ የሚያድግ የከሰል ዛፍ የአገራችን እርሻ ነው፤ እሱን ተክለን፣ ቆርጠን፣ አክስለን ነው የምንኖረው። በሽታ ገባበት። ቅጠሉ ቡግር አወጣ፣ ዛገ፣ ከዚያ ዛፉ ቆሞ ደረቀ። ከቤታችን በላይ ያለው ተረተር ሁሉ ቀይ ሆነ። ሰው ሁሉ ሳይበሰብስ እናክስለው ብሎ በጥድፊያ ይቆርጥ ጀመር። እኛም ሁለት ክምር ሠራን።

ክምር እሳት ከገባበት በኋላ ተለይተውት አይሄዱም። እንጨቱ ተከምሮ በሣርና በአፈር ይሸፈናል፤ አፈሩ ከተሰነጠቀ አየር ይገባና ሁሉም አመድ ይሆናል። ስለዚህ ባንተአምላክ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ተቀምጦ ይጠብቃል፣ እየጠበቀም ያነብልኛል። እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት በእነዚያ መጻሕፍት ላይ ጣቱን እየተከተልኩ ነው። አማርኛው ሲከብደኝ በአፋችን በአውንጊ ያስረዳኛል። «ማርኪዝ» የሚለውን ቃል ምን እንደሚያደርገው ግራ ገባውና «ሳይሠራ የሚበላ ሰው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሥራ ሲታክተው «ምነው ማርኪዝ?» እለዋለሁ። እሱም «መጣሁ ማዳም» ይለኛል። ጎረቤቱ ሁሉ ማዳም ይለኝ ጀመር።

ከሰል ያስተማሩት ሽማግሌ አያ ደጉ በዚያ ሲያልፉ ቆም ይላሉ።

«ዛሬስ ማን ተሰየፈ?»

«ማርኪዙ፣ አያ ደጉ። እርስዎ ቢኖሩ ያስጥሉት ነበር» ይላቸዋል።

«አላስጥለውም። እንኳን ሰየፉት።»

አንድ ቀን ግን አልሳቁም። ክምሩን ሲያዩ ቆይተው «የሞተ እንጨት ነው ያስገባችሁት» አሉ።

«የሁሉም ሰው እንጨት ሞቷል እኮ፣ አያ ደጉ።»

«እሱን ነው የምልህ። እኔ ዕድሜዬን ያከሰልኩት እርጥብ እንጨት ነው። የእርጥቡን ጭስ አውቀዋለሁ። የዚህን አላውቀውም።»

ወጉ እንዲህ ነው። ጭሱ ነጭና ወፍራም እስከሆነ ድረስ ከአፈሩ ሥር ያለው ገና እንጨት ነው፣ ሰው ይሸከማል፤ አካፋ ይዘህ ትወጣና ስንጥቁን ትደፍናለህ። ጭሱ ሳስቶ ሰማያዊ ሲሆን እንጨቱ ከስሏል፣ ማንም አይወጣም። አባቶቻችን የኖሩት በዚህ ነው። ሽማግሌው ያሉትን ሰማን፤ ግን ሌላ ምን እናይ ነበር? ከጭሱ በቀር ምልክት አልነበረንም።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ሲያነብልኝ ክሎቲልድ ወደ እስር ቤቱ እየሄደች ነበር። ባንተአምላክ በመሀል ቀና ብሎ ክምሩ አናት ላይ ስንጥቅ አየ። ሣር ቆርጦ ገጹ መሀል አስገባና መጽሐፉን ጭኔ ላይ አኖረው። አካፋውን አነሳ። ጭሱን አየ፣ እኔም አየሁ። ነጭ ነበር፤ እንደ ታጠበ ነጠላ ነጭ።

ወጣ። ስንጥቁ ላይ አፈር ደፍቶ በአካፋው ጀርባ መታ መታ አደረገው። ፊቱን ወደ እኔ አዞረና «የት ላይ ነበርን?» አለኝ።

አፈሩ እሱን ይዞ ወደ ውስጥ ሲሄድ ድምፁ ጤፍ ከጆንያ እንደሚፈስ ነበር። እሱ አልጮኸም። የጮህኩት እኔ ነኝ። ሰዎች ሮጠው መጡና በሳንቃና በገመድ አወጡት። እንጅባራ ሐኪም ቤት ሳንደርስ ባጃጅ ውስጥ አረፈ።

ለቅሶው ላይ ሴቶቹ ስለ እንጨቱ አላነሱም። ስለ መጽሐፉ ነው ያነሱት። እህቱ የሻረግ ደረቷን እየመታች «ወንድሜን የሙት ወረቀት በላብኝ! እሳት እየጠበቀ ፈረንሳይ ነበረ!» እያለች አለቀሰች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። እኔ ያየሁትን ተናገርኩ። መጽሐፉን ዘግቶት ነበር፣ ጭሱንም አይቶት ነበር አልኩ። «ዝም በይ እህቴ፣ ኀዘን ነው የሚያናግርሽ» አሉኝ። የሻረግ መጻሕፍቱን በጆንያ አድርጋ ለአድማሴ ወሰደችለት። እሱም በዚህ ወረቀት ብጠቀልል ጨው የሚገዛ ሰው ይሸሸኛል ብሎ መለሳቸው። ዛሬ አልጋዬ ሥር ናቸው። ታሪካቸውን እንዳልረሳ አሁንም አነባቸዋለሁ፤ የባንተአምላክን ድምፅ የማገኘው እዚያ ነው።

ያኔ ግን ሁለተኛው ክምር እየነደደ ነበር። ለቀስተኛው ሲበተን የባንተአምላክ ታናሽ ወንድም መሳፍንት አካፋ ይዞ መጣ። የክምሩ አናት ላይ አፈሩ ተሰንጥቋል። ጭሱ ነጭ ነው።

«አትውጣ» አልኩት።

«ነጭ ነው እኮ፣ ዋጋዬ።»

«የዚያኛውም ነጭ ነበር። እኔ አይቻለሁ።»

«አንቺ መጽሐፍ ነው ያየሽው» አለኝ። ወዲያው ቃሉ ከበደውና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አትፍሪ። እኔን ምን ያገኘኛል? እኔ አላነብም።»

አያ ደጉ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። የሻረግም አለች። ሁሉም ተረጋግተው ነበር፤ ያስፈራኝ መረጋጋታቸው ነው። የሚገድለውን ያወቁ መስሏቸዋል። መሳፍንት አንድ እግሩን አፈሩ ላይ አሳረፈ።

የተነቀለ ጉቶ አጠገቤ ነበር። ክንዴ ከየት እንደበረታ አላውቅም፣ አንስቼ ከራሱ በላይ አሳልፌ ክምሩ አናት ላይ ወረወርኩት። ጉቶው አረፈ። ትንሽ ቆየ። ከዚያ ያ የጤፍ ድምፅ ተሰማና ጉቶው ወደ ውስጥ ገባ። የገባበት ቀዳዳ እንደ ጉሮሮ ቀይ ነበር።

መሳፍንት እግሩን መለሰ። ኋላ ኋላ ሄዶ መሬት ላይ ተቀመጠና ጫማውን ያይ ጀመር። የሻረግ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

መጀመሪያ ቀና ያሉት አያ ደጉ ናቸው። እሳቸው ወዳዩበት አየሁ። በሸለቆው ማዶ፣ በቀዩ ተረተር ላይ፣ እስከ ዓይናችን ዳርቻ ክምሮች ይጨሳሉ። ጭሳቸው ሁሉ ነጭ ነው። በአንዱ አናት ላይ አካፋ የያዘ ሰው ቆሟል፣ ከእሱ ወዲያ ሌላ፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ።

«ውረዱ በሏቸው!» አሉ አያ ደጉ። መሳፍንት ተነስቶ ቁልቁል ሮጠ። እኔ ሁለት እጄን አፌ ላይ አድርጌ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ተጣራሁ። ነፋሱ ግን ከእነሱ ወደ እኛ ነበር የሚነፍሰው።